ሩዝ የሞላባት አገር ሩዝ ያጣችበት ዘመን

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በዓለም ገበያ ላይ ከበርማ የበለጠ ሩዝ የሚሸጥ አገር አልነበረም። በዓመት ሦስት ሚሊዮን ቶን ገደማ ከራንጉንና ከሌሎች ወደቦቿ እየተጫነ ወደ ሕንድ፣ ወደ ሲሎን፣ ወደ ማላያና ወደ አውሮፓ ይሄድ ነበር። ሠላሳ ዓመት እንኳ በወጉ ሳይሞላ፣ በ1967፣ በዚያችው አገር ሰዎች ሩዝ አጥተው አደባባይ ወጡ። በምዕራቡ ጠረፍ ባለችው በሲትዌ ከተማ ወታደሮች ተኩሰውባቸው ሰዎች ሞቱ። በመካከሉ መሬቱ አልመከነም፤ ዝናቡም ከአገሩ አልሸሸም፤ የኢራዋዲ ወንዝ ደለሉን እየተሸከመ እንደ ቀድሞው ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። ከሁሉ የበለጠ የተለወጠው አገሪቱ ከተቀረው ዓለም ጋር የነበራት ግንኙነት ነው።

አንድ አገር በሩን ሲዘጋ ብዙዎቻችን የሚታየን ከውጭ የሚገባው ዕቃ ነው። የውጭው ጨርቅ ይቀራል፣ የውጭው ነጋዴ ይወጣል፣ እኛም ያለንን ተካፍለን እንኖራለን ብለን እናስባለን። በበርማ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። አገሪቱን ክፉኛ ያጎደላት ከውጭ የሚመጣው ብቻ ሳይሆን የገዛ እጇ ፍሬ፣ የራሷ ሩዝ ነው። እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ የሚለውን ደረጃ በደረጃ ብንከተለው በር መዝጋት የአንድን አገር ኢኮኖሚ ከውስጥ እንዴት እንደሚያደርቀው ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ የተሻለ ያሳየናል። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አገሪቱ ዛሬ ምያንማር ብትባልም በዚያ ዘመን ስሟ በርማ ስለነበር በዚያው እጠራታለሁ።

በሩን የዘጉት ሰዎች ዝም ብለው አልዘጉትም። ቁጣቸው ምክንያት ነበረው፤ ያን ምክንያት ሳያውቁ በእነርሱ ላይ መፍረድ ተገቢ አይመስለኝም። እንግሊዞች የታችኛውን በርማ በ1852 ሲይዙ የኢራዋዲ ደልታ በአብዛኛው ረግረግና ጫካ ነበር። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚወስደው የባሕር መንገድ አጠረ፤ ሩዝም ዋጋ አወጣ። ከላይኛው በርማ የወረዱ ገበሬዎች ጫካውን እየመነጠሩ፣ ውኃውን እየገደቡ፣ በወባ እየተሠቃዩ በጥቂት ትውልዶች ዕድሜ ውስጥ ደልታውን ወደ ሩዝ ማሳ ለወጡት። ለመመንጠሪያውና ለበሬው የሚሆነውን ገንዘብ ያበደሯቸው ከደቡብ ሕንድ የመጡ ቼቲያር የሚባሉ አበዳሪዎች ነበሩ። ሩዙን ገዝተው፣ ፈትገው፣ በመርከብ የሚልኩት ደግሞ እንደ ስቲል ብራዘርስ ያሉ የእንግሊዝ ኩባንያዎች ናቸው።

ገበያው ሲያድግ ሁሉም ትንሽ ትንሽ አገኘ። በ1930 የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ ግን የሩዝ ዋጋ ከግማሽ በታች ወረደ፤ ዕዳው ግን አልወረደም። ገበሬው መሬቱን ለአበዳሪው አስረከበ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ከዋናዎቹ የሩዝ አውራጃዎች መሬት አንድ አራተኛው ያህል በቼቲያሮች እጅ ገብቶ ነበር። ነዳጁ የበርማ ኦይል ኩባንያ፣ በወንዙ ላይ የሚመላለሰው መርከብ የኢራዋዲ ፍሎቲላ ኩባንያ፣ የቲክ እንጨቱ የቦምቤይ በርማ ኩባንያ ነበር፤ ሁሉም የውጭ ሰዎች ንብረት ነበሩ። በ1931 በተደረገው ቆጠራ በዋና ከተማዋ በራንጉን ከሚኖረው ሕዝብ ከግማሽ በላይ ትውልዱ ከሕንድ ነበር። በ1930 መጨረሻ በሳያ ሳን መሪነት የተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ ከዚህ ሁሉ የመነጨ ነው። እንግዲህ ለአንድ በርማዊ ገበሬ «ለዓለም ክፍት መሆን» ማለት አያቱ የመነጠረውን መሬት ሌላ ሰው ሲወስደው ማየት ነበር። ይህን ቁስል አሳንሼ ማየት አልፈልግም።

ነጻነት በጥር 1948 ሲመጣ፣ አገሪቱ በጃፓንና በእንግሊዝ ጦርነት ተቃጥላ፣ ድልድዮቿና መርከቦቿ ወድመው ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኡ ኑ ፓርላማና ምርጫ ያለው መንግሥት ይምሩ እንጂ የሩዝ ኤክስፖርትን ለግል ነጋዴ አልመለሱም። የመንግሥት የእርሻ ምርት ገበያ ቦርድ ሩዙን ከገበሬው በተቆረጠ ዋጋ ይገዛል፤ በዓለም ገበያ ከዚያ እጅግ በላቀ ዋጋ ይሸጣል፤ ልዩነቱ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ የሩዝ ዋጋ ሲንር ትርፉ በዝቶ ለትልልቅ ዕቅዶች ገንዘብ ሆነ። ስለዚህ የበርማ ችግር በአንድ ቀን መፈንቅለ መንግሥት ተጀመረ ብለን ብንናገር ትክክል አይሆንም፤ የኩባንያውን ድርሻ መንግሥት ወርሶት ስለነበር ገበሬው የሚያገኘው ከጥንትም ትንሽ ነበር። የሆነ ሆኖ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አገሪቱ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ቶን በላይ ሩዝ ወደ ውጭ ትልክ ነበር። የራንጉኑ የሚንጋላዶን አውሮፕላን ማረፊያ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከታወቁት አንዱ ነበር። በ1961 የደልታው ተወላጅ ኡ ታንት የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ማንም የአገሪቱን መጻኢ ዕድል ከጎረቤቷ ከታይላንድ ዕድል አሳንሶ የሚገምት አልነበረም።

ማርች 2 ቀን 1962 ጄኔራል ኔ ዊን ሥልጣን ያዙ። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ «የበርማ መንገድ ወደ ሶሻሊዝም» የተባለው ሰነድ ወጣ። ሠራዊቱ ውስጥ ቀስ እንበል የሚሉ ነበሩ፤ ከእነርሱ ዋነኛው ብርጋዴር አውንግ ጂ በ1963 መጀመሪያ ከሥልጣን ተገለሉ። ከዚያ በኋላ እርምጃው ፈጠነ። በየካቲት 1963 የአገር ውስጡም የውጩም ባንኮች በሙሉ ተወረሱ። በመጋቢት 1964 በራንጉን ያሉ መደብሮች በአንድ ቀን ወደ መንግሥት ተዛወሩ። በግንቦት የ50 እና የ100 ቻት ኖቶች ከመገበያያነት ተሰረዙ፤ ቻት የበርማ ገንዘብ ነው። የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና ሚስዮናውያን ወጡ። ለጎብኚ የሚሰጠው ቪዛ ለ24 ሰዓት ብቻ ሆነ፤ ከዓመታት በኋላ ነው ወደ ሰባት ቀን ያደገው። መንግሥቱ ለገበሬው ያደረገው በጎ ነገርም ነበር፦ መሬቱ በዕዳ እንዳይወሰድበት ሕግ ወጣ፤ የመሬት ኪራይም ቀረ። በ1930ዎቹ ለተጎዳ ቤተሰብ ይህ እውነተኛ እፎይታ ነው።

የሩዙ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ገበሬው ሩዙን የሚሸጠው ለመንግሥት ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ኋላም በኤከር ተመጥኖ በግዴታ እንዲያስረክብ ታዘዘ። የመግዣው ዋጋ በ1960ዎቹ ብዙም ሳይነቃነቅ ሲቆይ በአንጻሩ ጨርቁ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ መድኃኒቱ ከሱቅ እየጠፋ በጥቁር ገበያ ዋጋው ይሰቀል ጀመር። አሁን በአንድ የደልታ ገበሬ ቦታ ሆነን እናስብ። ሃያ ኤከር መሬት አለኝ እንበል። ቤተሰቤን የሚመግበው የስምንቱ ኤከር ምርት ነው። የቀረውን የማርሰው ሸጬ ለልጆቼ ልብስ፣ ለቤቴ የቆርቆሮ ክዳን፣ ለሚስቴ ጌጥ ለመግዛት ነበር። ዛሬ ግን ብሸጠውም ገንዘቡ የሚገዛልኝ ነገር የለም፤ ልብሱም ቆርቆሮውም ከአገር ጠፍቷል። ታዲያ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ችግኝ የምተክለው ለምንድን ነው? እንዲህ ያለው ገበሬ አይሰለፍም፣ አያምፅም፤ የሚያርሰውን ይቀንሳል፣ አረሙን በወጉ አይነቅልም፣ የተሻለውን ሩዝ ለራሱ አስቀርቶ የደከመውን ለመንግሥት ያስረክባል። መንግሥት ይህን የሚያውቀው ከጊዜ በኋላ መጋዘኑ ሲጎድል ነው።

ከውጭ የሚገባ ዕቃና ወደ ውጭ የሚሄድ ዕቃ በሁለት የተለያዩ መዝገቦች ስለሚጻፉ አንዱን ዘግተን ሌላውን ማቆየት የምንችል ይመስለናል። በገበሬው ጓዳ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ሰው የሚያመርተው በምርቱ የሚያገኘውን ነገር አስቦ ነው። ጨርቁ ሲታገድ ሩዙም አብሮ ታገደ፤ ይህን ያዘዘ አዋጅ ግን የለም። ላሟን ሳይቀልቡ ወተት መጠበቅ ማለት ይህ ነው።

የሰንሰለቱ ሁለተኛ ቀለበት ነጋዴው ነው። መደብሮቹና ባንኮቹ ሲወረሱ፣ ገንዘቡም ሲሰረዝ፣ ኑሯቸው የፈረሰባቸው የሕንድና የፓኪስታን ተወላጆች በመቶ ሺዎች እየሆኑ አገሩን ለቀቁ። ብዙዎቹ እዚያው ተወልደው ያደጉ ነበሩ፤ ይዘው እንዲወጡ የተፈቀደላቸው ጥቂት ነገር ብቻ ነው። በሰብዓዊነቱ በኩል ይህ ብቻውን ከባድ በደል ነው። በኢኮኖሚው በኩል ደግሞ ከእነርሱ ጋር የወጣው ዕውቀት ነው፦ በየትኛው መንደር የትኛው ዓይነት ሩዝ እንደሚበቅል፣ ማን ታማኝ ተበዳሪ እንደሆነ፣ የኮሎምቦ ገዢ ምን ዓይነት እህል እንደሚወድ፣ ጀልባ መቼ መከራየት እንደሚሻል። ይህ በመዝገብ አይገኝም። በእነርሱ ቦታ የተተኩት መኮንኖች ትጉሃን ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን ሥራውን አያውቁትም፤ ቢያተርፉም ቢከስሩም ደመወዛቸው ያው ነው። እኛ የቀበሌ ሱቅ እንደምንለው ያለ «የሕዝብ ሱቅ» በየቦታው ተከፈተ። በአንዱ ከተማ ጃንጥላ ሲከማች በሌላው ጨው ይጠፋ ጀመር። በ1965 ኔ ዊን ራሳቸው ኢኮኖሚው መመሰቃቀሉን በፓርቲያቸው ስብሰባ ፊት አምነዋል፤ ነገር ግን መንገዱን አልለወጡም።

ወደ ውጭ የሚላከው ሩዝ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጥቂት መቶ ሺህ ቶን ወረደ። ሕዝቡ ደግሞ እየበዛ ነበር፤ የ1983ቱ ቆጠራ 35 ሚሊዮን ሕዝብ አገኘ። ምርቱ ባለበት ሲቆም በላተኛው ስለጨመረ የሚተርፈው ሩዝ በአገር ውስጥ ማዕድ አለቀ። ጥራቱም ወደቀ። መፈተጊያዎቹ ከጦርነቱ በፊት የተተከሉ ነበሩ፤ መለዋወጫ አጥተው እህሉን ይሰባብሩት ጀመር። በዓለም ገበያ ላይ የበርማ ሩዝ ሲባል ገዢዎች የሚያስቡት ስባሪ የበዛበትን ርካሽ ሩዝ ሆነ። መልካም ስም በገበያ ላይ ለመገንባት አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል፤ ከጠፋ በኋላ ዋጋ በመቀነስ ብቻ አይመለስም።

ሩዙ ሲያንስ ዶላሩ አነሰ፤ ዶላሩ ሲያንስ ፋብሪካዎቹ ታመሙ። ይህ ደግሞ ራስን መቻል የሚለውን ሐሳብ በጥንቃቄ እንድናየው ያስገድዳል። በርማ በጃፓን የጦር ካሣና ብድር ተረድታ የጭነት መኪና፣ ትንንሽ መኪና፣ የእርሻ መሣሪያና የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚገጣጥሙ አራት ፕሮጀክቶች አቁማ ነበር። ስሞቹ የታወቁ ናቸው፤ ሂኖ፣ ማዝዳ፣ ኩቦታ፣ ማትሱሺታ። ከውጭ ሲታይ አገሪቱ የራሷን መኪና የምትሠራ ይመስላል። ነገር ግን ሞተሩ፣ ሽቦው፣ ብረቱ የሚመጣው ከጃፓን ነው። የሩዝ ዶላር ሲደርቅ የፋብሪካዎቹ ማሽኖች ከሚችሉት በታች እየሠሩ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ቆመው፣ ሠራተኛው ደመወዝ እየተቀበለ ይቀመጥ ነበር። የውጭ ዕቃን ለመተካት የተተከለ ፋብሪካ ከመደብር ዕቃ ይልቅ ለውጭ ምንዛሪ የበለጠ ጥገኛ ሆኖ ተገኘ። ሸሚዝ ከውጭ ባይመጣ አሮጌው ይለበሳል። መለዋወጫ ካልመጣ ግን ፋብሪካው፣ ባቡሩ፣ የውኃ ፓምፑ ሁሉ አንድ ላይ ይቆማሉ።

ንግዱ ቆመ እንዴ? አልቆመም። በሕጋዊው ወደብ የደረቀው በምሥራቁ ድንበር ፈሰሰ። ከታይላንድ ጋር በሚያዋስነው ተራራማ አገር መንግሥትን የሚወጉ የካረን ብሔረሰብ ታጣቂዎች የራሳቸውን ኬላ አቁመው ከሚያልፈው ሸቀጥ ቀረጥ ይሰበስቡ ነበር። ከበርማ ከብት፣ ቲክ እንጨት፣ ጄድና ሩቢ ይወጣል፤ ከታይላንድ ጨርቅ፣ መድኃኒት፣ ራዲዮ፣ የሞተር ዕቃ ይገባል። ሜ ሶት የምትባለው የታይላንድ የድንበር ከተማ በዚህ ንግድ አበበች። ራንጉን የሚኖር ሐኪም ለታካሚው የሚያዘው መድኃኒት በአብዛኛው የሚገኘው ከዚህ ከኮንትሮባንዱ ነበር። እንግዲህ በሩን በመዝጋት መንግሥት ያጣው ነገር ብዙ ነው፦ የጉምሩክ ገቢውን አጣ፤ ያ ገቢ እርሱን ለሚወጉት ለእነዚያ ታጣቂዎች የጠመንጃ መግዣ ሆነ፤ ሕዝቡም ለዚያው ዕቃ የመንገዱን አደጋ ዋጋ ጨምሮ ከፈለ።

ኮንትሮባንዱን ያን ያህል አትራፊ ያደረገው የምንዛሪው ተመን ነው። በደርግ ዘመን ዶላር በሕግ 2 ብር ከ7 ሳንቲም በነበረበት ጊዜ የኖረ ኢትዮጵያዊ ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። በበርማ በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ ዶላር በመንግሥት ተመን 6 ቻት ገደማ ሲሆን በጎዳናው ወደ 40 ቻት ያወጣ ነበር። ለማስረዳት ያህል አንድ ጆንያ ሩዝ በውጭ አገር 10 ዶላር ያወጣል እንበል። መንግሥት ሲሸጠው በመዝገቡ 60 ቻት ይገባለታል፤ ከዚያ ላይ የመጓጓዣውንና የመፈተጊያውን ቀንሶ ለገበሬው የሚደርሰው ከ60ው ቁራጭ ነው። ያው ጆንያ በድንበር ሾልኮ ቢወጣ ግን 400 ቻት ያወጣል። ኮንትሮባንዲስቱ ለገበሬው የመንግሥቱን እጥፍ ቢከፍለው እንኳ ብዙ ይተርፈዋል። ተመኑ የተቀመጠው ገንዘባችን ጠንካራ ነው ለማለት ይሁን እንጂ በተግባር በሕጋዊ መንገድ በሚሸጥ አምራች ላይ የተጣለ ከባድ ግብር ነው፤ በአዋጅ ስላልተጻፈ ግብር መሆኑን የሚያይ ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ ከታይላንድ ጋር ስናስተያየው አንድ ያልተጠበቀ ነገር እናገኛለን። የታይላንድ መንግሥትም ከሩዝ ገበሬው ብዙ ይወስድ ነበር። የሩዝ ፕሪሚየም የሚባል የኤክስፖርት ግብር ከ1950ዎቹ ጀምሮ እስከ 1986 ነበረባቸው፤ ዓላማው ለባንኮክ ነዋሪ ሩዝ እንዲረክስ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? የታይላንድ ገበሬ መውጫ ነበረው። ሩዝ አላዋጣ ሲለው በቆሎ ዘራ፤ ለጃፓን ሸጠ። በ1970ዎቹ የአውሮፓ ከብት አርቢዎች ርካሽ መኖ ሲፈልጉ የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ደሃ ገበሬዎች ካሳቫ ተክለው በመርከብ ላኩላቸው። ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው ሚኒስቴር የለም፤ የሮተርዳምን ዋጋ የሰማ ነጋዴ መንደር ድረስ መጥቶ ነገራቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ታይላንድ በዓመት ከ5 ሚሊዮን ቶን በላይ ሩዝ የምትልክ፣ በዓለም አንደኛዋ ሻጭ ሆና ነበር። እኔ ከዚህ የምረዳው አገር ክፍት ሆነ ማለት መንግሥት እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል ማለት እንዳልሆነ ነው። የታይላንድ መንግሥት ግብር ጥሏል፣ ጣልቃ ገብቷል፣ ተሳስቷል፤ ስሕተቱ ግን ገበሬውን አንድ ቦታ አስሮ አላስቀረውም።

የበርማ መሪዎች ችግሩን ፈጽሞ አላዩም ማለት አይቻልም። በ1970ዎቹ አጋማሽ በሩን ገርበብ አደረጉት። የእስያ ልማት ባንክ አባል ሆኑ፤ በ1976 በዓለም ባንክ ሰብሳቢነት የለጋሾች ቡድን ተቋቋመ። አዳዲስ የሩዝ ዘሮችና ማዳበሪያ ለተመረጡ ወረዳዎች ተሰጡ፤ ባለሙያዎች መንደር ወርደው አስተማሩ፤ ምርቱም በእርግጥ ከፍ አለ። የአገሬው ገበሬ ዘሩንና ማዳበሪያውን ሲያገኝ ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳየ ጊዜ ነው። ነገር ግን የመግዣው ዋጋ፣ የምንዛሪው ተመንና የመንግሥት ብቸኛ ገዢነት እንዳሉ ቀሩ። ስለዚህ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እድገቱ ቆመ፤ የተረፈው ብድሩ ነው። ብድሩ በብዛት በጃፓን የን ነበር። ከ1985 በኋላ የን ዋጋው ሲጨምር ዕዳው በአንድ ጊዜ አበጠ፤ የሚከፈልበት ሩዝ ደግሞ ያን ጊዜ በዓለም ገበያ ረክሶ ነበር። በ1979 ከገለልተኛ አገሮች ንቅናቄ ሳይቀር የወጣችው፣ በማንም አልደገፍም ያለችው አገር በቶኪዮ ችሮታ የምትኖር ሆነች።

በመስከረም 1987 መጀመሪያ መንግሥት የሩዝንና የአንዳንድ እህሎችን ንግድ ለግለሰቦች ፈቀደ። ለገበሬው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ የመጣ የምሥራች ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን፣ ሴፕቴምበር 5፣ የ25፣ የ35 እና የ75 ቻት ኖቶች ያለ ምንም ካሣ ተሰረዙ። በሕዝቡ እጅ ካለው ጥሬ ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠው በአንድ ማስታወቂያ ወረቀት ሆነ። ምክንያት ሆኖ የቀረበው የጥቁር ገበያ ነጋዴዎችን መምታት ነው። ትልልቆቹ ነጋዴዎች ግን ሀብታቸውን በወርቅ፣ በዶላርና በዕቃ ይዘውት ነበር፤ የተመታው ሩዙን ሸጦ ገንዘቡን በሣጥን ያስቀመጠው ገበሬና ለትምህርት ቤት ክፍያ ያጠራቀመው ተማሪ ነው። በቦታቸው የ45 እና የ90 ቻት ኖቶች ወጡ። ለዘጠኝ የሚካፈሉት ቁጥሮች የተመረጡት ኔ ዊን ዘጠኝን እንደ ገድ ቁጥር ይቆጥሩት ስለነበር ነው ይባላል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የተባበሩት መንግሥታት በርማን እጅግ ኋላ ቀር ከሚባሉት አገሮች መዝገብ ውስጥ አስገባት። መንግሥቷ ራሱ ጠይቆ ነው፤ የዕዳ ማቃለያ ለማግኘት። በነሐሴ 1988 ተማሪዎችና ሠራተኞች አገሪቱን በሰልፍ አጥለቀለቋት፤ ኔ ዊን ከዚያ በፊት በሐምሌ ሥልጣን ለቀው ነበር። በመስከረም ሠራዊቱ በደም መልሶ ተቆጣጠራት።

አዲሶቹ ጄኔራሎች ሶሻሊዝሙን ትተው የውጭ ኢንቨስትመንት ሕግ አወጡ፤ የድንበር ንግድን ሕጋዊ አደረጉ። ይሁን እንጂ የ6 ቻቱን ተመን ለተጨማሪ ሃያ ሦስት ዓመት አቆዩት። በጎዳናው ዶላር ከአንድ ሺህ ቻት ባለፈባቸው ዓመታት እንኳ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሒሳባቸውን የሚይዙት በ6 ነበር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለታይላንድ የሚሸጠው የተፈጥሮ ጋዝ ብዙ ዶላር ሲያስገባ፣ በዚያ ተመን ተባዝቶ በበጀቱ ላይ የሚታየው ኢምንት ነው። ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ገንዘብ የለም እየተባለ የጋዙ ዶላር ሕዝብ በማያየው ሒሳብ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። የተዘጋ በር አንዴ ሥርዓት ሆኖ ከቆየ በኋላ ለመክፈት የሚያስቸግረውም በዚህ ነው፤ ከዝግነቱ የሚጠቀም ሰው ይፈጠርለታል።

በኤፕሪል 2012 ተመኑ ተነሥቶ ዶላር በ818 ቻት ተጀመረ። በሚቀጥሉት ዓመታት መፈተጊያ ቤቶች ታደሱ፣ የግል ነጋዴዎች ገዢ ፈለጉ፣ ወደ ውጭ የሚላከው ሩዝ ከሚሊዮን ቶን በላይ ተመለሰ፤ ትልቁ ገዢም በሰሜኑ ድንበር በኩል ቻይና ሆነች። በየካቲት 2021 ሠራዊቱ እንደገና መፈንቅለ መንግሥት አደረገ። በኤፕሪል 2022 ማዕከላዊ ባንኩ ከውጭ የሚገባ ዶላር በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ በ1,850 ቻት እንዲመነዘር አዘዘ፤ በነሐሴ ወደ 2,100 ከፍ አደረገው፤ በጎዳናው ግን ያን ጊዜ 3,000ን አልፎ ነበር። የደልታው ገበሬ ማዳበሪያውንና ናፍጣውን የሚገዛው ወደ ጎዳናው በተጠጋ ዋጋ ነበር፤ ሩዙን የሚገዛው ላኪ ግን ከዶላሩ ከፊሉን በባንኩ ተመን ስለሚያስረክብ ያን ኪሳራ ከገበሬው ዋጋ ላይ ይቀንስ ነበር። በ1987 የነበረው ልዩነት ሰባት እጥፍ ገደማ ነበር፤ የ2022ቱ ያን ያህል አልሰፋም፤ አሠራሩ ግን ያው ነበር፣ ከፋዩም ያው የደልታው ገበሬ ነበር።